ከጅምላ ግድያ በኋላ ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾችን ስለመለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅምላ ግድያ፣ ከጦርነት ወይም ከግፍ አገዛዝ በኋላ ሁለት ዝርዝሮች ይቀራሉ። አንደኛው ስማቸው የሚታወቅ፣ ነገር ግን የት እንደደረሱ የማይታወቅ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው አስከሬናቸው ወይም አጽማቸው የተገኘ፣ ነገር ግን ስም የሌላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ማንነትን መለየት ማለት እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች በማስረጃ ማገናኘት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦችና ሥራው በድንገት የወደቀባቸው የአካባቢ ኃላፊዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ሰዎቹ መገደላቸው ከታወቀ፣ እያንዳንዱን አጽም ለይቶ ስም መስጠት ለምን ያስፈልጋል?

መገደላቸውን መስማትና ቁርጡን ማወቅ አንድ አይደሉም። የመንደሯ ወንዶች በሙሉ እንደተገደሉ የተነገራት እናት፣ ልጇ ከመካከላቸው አምልጦ አንድ ቦታ ታስሮ ወይም ታምሞ ይኖር ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ከልቧ ልታወጣው አትችልም፤ ያ ተስፋ ደግሞ ያቆማታል፣ ያሠቃያታልም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ማጣት ለብቻው አጥንተውታል፤ ከሌላው ሐዘን የሚለየው መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው ነው። እርም ማውጣት የምንለው ነገር የሚቻለው የሚለቀስለት ሰው በእርግጥ መሞቱ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የስሜት ብቻም አይደለም። የሞት ማስረጃ የሌላት ሚስት በሕግ ባለትዳር እንደሆነች ትቆያለች፤ ርስቱ አይተላለፍም፣ የጡረታ መብት አይከበርም፣ የልጆች ሞግዚትነት ይጓተታል። በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ላይ በ1977 የተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል በአንቀጽ 32 ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን ዕጣ ፈንታ የማወቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2006 የጸደቀውና በ2010 ሥራ ላይ የዋለው ሰዎችን አስገድዶ ከመሰወር የሚከላከለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 24 እውነቱን የማወቅን መብት በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ቤተሰብ «የልጄን አጽም ፈልጉልኝ» ሲል የሚጠይቀው ውለታ ሳይሆን መብቱን ነው።

ግድያው እንደተፈጸመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን መደረግ አለበት?

ከዓመታት በኋላ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ሥራ ሁሉ የሚወሰነው በእነዚህ ቀናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ቀድሞ የሚደርሰው የፎረንሲክ ባለሙያ ሳይሆን ጎረቤት፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ወይም የመንደር ሽማግሌ ነው። እነዚህ ሰዎች ያለ ምንም ልዩ መሣሪያ፣ በእስክሪብቶና በስልክ ካሜራ ብቻ፣ ኋላ ላይ የትኛውም ማሽን ሊተካው የማይችል ሥራ መሥራት ይችላሉ።

የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት በ2006 በጋራ ያወጡት ለመጀመሪያ ደራሾች የተዘጋጀ መመሪያ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች አስቀምጧል። እያንዳንዱ አስከሬን የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ውሃ በማያጠፋው ነገር ተጽፎ በአስከሬኑም፣ አስከሬኑ በተጠቀለለበትም ላይ ይታሰራል። ከዚያም ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ መላ አካሉ፣ ፊቱ፣ ልብሱ፣ ጠባሳም ሆነ ንቅሳት ካለው እሱም ፎቶግራፍ ይነሣል። በኪሱ የተገኘው ወረቀት፣ ቁልፍ፣ የአንገት ጌጥ ወይም ስልክ ከአስከሬኑ አይለይም። የተገኘበት ቦታ፣ ቀንና ያገኘው ሰው ስም ይመዘገባል። ፎቶው ዛሬ ካልተነሣ ነገ ሊነሣ አይችልም፤ በሞቃት አካባቢ ፊት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይለወጣል።

አስከሬኑን ማቆየት ካልተቻለ መቅበር ግድ ነው፤ ነገር ግን አቀባበሩ ነገ መልሶ ማውጣትን ታሳቢ ያደረገ መሆን አለበት። ከተቻለ ለየብቻ፣ ካልተቻለም በረጅም ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ብቻ ይቀበራሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። የእያንዳንዱ ቁጥር በመቃብሩ ላይ ይተከላል፣ በካርታም ላይ ይሰፍራል። ማንነቱ ያልታወቀን አስከሬን ማቃጠል ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ እሳት የጣት አሻራውንም ዘረመሉንም አብሮ ይወስዳልና።

አስከሬኖች ቶሎ ካልተቀበሩ ወረርሽኝ አያመጡም?

በጉዳት ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ ያስነሣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በጥይትና በስለት እንጂ በተላላፊ በሽታ አይደለም። አስከሬን የሚያነሡ ሰዎች ጓንትና ቦት ጫማ ማድረግ፣ እጃቸውን መታጠብና አስከሬኑን ከመጠጥ ውሃ ምንጭ ማራቅ ይገባቸዋል። እንደ ኢቦላና ኮሌራ ያለ በሽታ በአካባቢው ሲኖር ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። ይህ ፍርሃት ስንትና ስንት ሰው በግሬደር ተገፍቶ ያለ ምዝገባ በጅምላ ጉድጓድ እንዲገባ ምክንያት ስለሆነ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ፊቱን ወይም ልብሱን አይቶ ከለየው አይበቃም?

ብዙ ሰው የሚከፋበት መልስ ቢሆንም፣ ብቻውን አይበቃም። በሐዘንና በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ያበጠ ወይም የቆሰለ ፊት ሲያይ የሚፈልገውን ሰው ማየቱ፣ ወይም በተቃራኒው የራሱን ልጅ «አይደለም» ማለቱ የተለመደ ነው። ልብስ ደግሞ ይዋሳል፣ ይለዋወጣል፤ እስር ቤት ወይም ስደት ላይ የነበረ ሰው የሞተ ጓደኛውን ጃኬት ለብሶ ሊገኝ ይችላል።

ስሕተቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ የቺሊ ታሪክ ያሳያል። ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የተገደሉ ሰዎች በሳንቲያጎ አጠቃላይ መካነ መቃብር፣ «ፓቲዮ 29» በሚባለው ክፍል ያለ ስም ተቀብረው ነበር። በ1990ዎቹ አጽማቸው ወጥቶ 96 ሰዎች ተለይተዋል ተብሎ ለቤተሰቦቻቸው ተሰጠ። በ2006 በዘረመል ምርመራ እንደተረጋገጠው ከእነዚህ ውስጥ 48ቱ በስሕተት የተለዩ ነበሩ። ለዓመታት አበባ ያኖሩበት መቃብር የልጃቸው አለመሆኑ የተነገራቸው ወላጆች ሁለተኛ ጊዜ ልጃቸውን አጡ። በኮሶቮም ከ1999ኙ ጦርነት በኋላ ብዙ አስከሬኖች በዓይን ብቻ ተለይተው ተቀብረዋል፤ ዛሬ በፕሪሽቲና የአስከሬን ማቆያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ፣ ናሙና ከሰጡት ቤተሰቦች ከአንዱም ጋር ያልተዛመዱ ቅሪቶች የሚገኙ ሲሆን፣ ዋነኛው ጥርጣሬ ቤተሰቦቻቸው በስሕተት ሌላ ሰው ቀብረው ፍለጋውን ትተዋል የሚል ነው። አንድ የተሳሳተ ስም ሁልጊዜ ሁለት ቤተሰብን ይጎዳል፤ የማያውቀውን ሰው የቀበረውንና የራሱን ሰው መቼም የማያገኘውን።

ታዲያ ተቀባይነት ያላቸው መለያዎች ምንድን ናቸው?

ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል የሟቾችን ማንነት ስለመለየት መመሪያ ማውጣት የጀመረው በ1984 ነው። በመመሪያው መሠረት ቀዳሚ መለያዎች የሚባሉት የጣት አሻራ፣ የጥርስ ንጽጽርና ዲኤንኤ (ዘረመል) ናቸው። ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ የሰውነት መግለጫና የሕክምና ታሪክ ደጋፊ መለያዎች ናቸው፤ ጥርጣሬን ያጠባሉ እንጂ ብቻቸውን ስም አይሰጡም። አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው፦ ስለጠፋው ሰው ከቤተሰብ የሚሰበሰበው ሁሉ ቢጫ ቅጽ ላይ፣ ከአስከሬኑ የሚገኘው ሁሉ ሮዝ ቅጽ ላይ ይሞላል፣ ከዚያም ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ቢጫው ባዶ ከሆነ ሮዙ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ከአጽም ብቻ ምን ማወቅ ይቻላል?

ሥጋው ካለቀ በኋላም አጥንት ብዙ ይናገራል። የዳሌ አጥንት ቅርጽ ሴትና ወንድን ይለያል። የአጥንት ጫፎች መጋጠምና የጥርስ አበቃቀል የልጆችንና የወጣቶችን ዕድሜ በጥሩ ግምት ያሳያሉ፤ አዋቂዎች ላይ ግን ግምቱ እየሰፋ ይሄዳል። ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመት ይሰላል። በሕይወት ሳለ የተሰበረና የጠገነ ክንድ ምልክቱ አይጠፋም፤ በሞት ጊዜ የደረሰ ስብራት ደግሞ የመጠገን ምልክት ስለሌለው ይለያል። የጥይት ቀዳዳም የገባበትና የወጣበት ጎን ይታወቃል።

አጽሞች በተደባለቁበት ጉድጓድ የመጀመሪያው ጥያቄ «እነማን ናቸው?» ሳይሆን «ስንት ናቸው?» ነው። ባለሙያዎች ተደጋግሞ የተገኘውን አጥንት ይቆጥራሉ፤ ለምሳሌ አሥራ አንድ የቀኝ ጭን አጥንቶች ካሉ በዚያ የነበሩት ሰዎች ከአሥራ አንድ አያንሱም። በዚህ የሚታወቀው ዝቅተኛው ቁጥር ብቻ ነው።

ዲኤንኤ ካለ ሌላው ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?

ምክንያቱም ዲኤንኤ ስም አይናገርም። ከአጥንት የሚወጣው ውጤት የቁጥሮች ረድፍ ነው፤ ትርጉም የሚያገኘው ከሕያው ዘመድ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

የዘመናዊው አሠራር ትልቁ መማሪያ ቦስኒያ ነው። በጁላይ 1995 በስሬብሬኒትሳ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቦስኒያካውያን (የቦስኒያ ሙስሊሞች) ወንዶችና ወጣት ልጆች ተገደሉ። ገዳዮቹ ማስረጃውን ለማጥፋት ከጥቂት ወራት በኋላ የጅምላ መቃብሮቹን በከባድ የመቆፈሪያ ማሽን ቆፍረው አጽሞቹን ወደ ሌሎች የተደበቁ ጉድጓዶች አጋዙ፤ በዚህም የአንድ ሰው አጥንቶች በኪሎ ሜትሮች በሚራራቁ በርካታ ጉድጓዶች ተበታትነው ተገኙ። በ1996 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጠፉ ሰዎች ኮሚሽንና የአገሪቱ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሞከሩት የተለመደውን መንገድ ነበር፤ ከአጽሞቹ ጋር የተገኙ ልብሶችና ዕቃዎች ፎቶ በመጽሐፍ ታትሞ ቤተሰቦች ገጽ በገጽ እንዲያዩት ይደረግ ነበር። ውጤቱ እጅግ ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ሂደቱን ገለበጡት፤ ከአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዘመዶች የደም ጠብታ ተሰብስቦ፣ ከአጥንቶቹ ከሚወጣው ዘረመል ጋር በጅምላ ይነጻጸር ጀመር። የመጀመሪያው ግጥምጥም የተገኘው በ2001 ነው። ዛሬ ወደ 7,000 የሚጠጉት የስሬብሬኒትሳ ሟቾች ስማቸውን መልሰው አግኝተዋል፤ በየዓመቱ ጁላይ 11 በፖቶቻሪ መካነ መቃብር በዚያ ዓመት የተለዩት ይቀበራሉ።

ይህ ስኬት ግን ወሰኑን እንዳያስረሳን። ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአፈሩ አሲድነትና እሳት ዘረመልን ይሰባብሩታል፤ ለዚህ ነው ናሙና ከጭን አጥንት፣ ከጥርስ ወይም ከጆሮ ጀርባ ካለው እጅግ ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት የሚወሰደው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በተጎዳ አጥንት ውስጥም ቢሆን የመትረፍ ዕድል አለው፤ ነገር ግን በእናት በኩል የሚዛመዱት ሁሉ ስለሚጋሩት አንዱን ከሌላው አይለይም። ልጅ ሳይወልዱ አብረው የተገደሉ ሁለት ወንድማማቾችንም የወላጆቻቸው ናሙና የቤተሰቡ ልጆች መሆናቸውን ያረጋግጣል እንጂ ታላቁ የትኛው፣ ታናሹ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። እዚህ ላይ ነው ዕድሜ፣ ቁመት፣ የጥርስ ሙሌትና «ታናሹ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር» የሚለው የእናት ቃል ውሳኔ የሚሰጠው። ኮሚሽኑ አንድን ግጥምጥም የሚያሳውቀው የእርግጠኝነቱ መጠን 99.95 በመቶ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ሐኪሙ ሌላውን ማስረጃ መርምሮ ካልፈረመ ጉዳዩ አይዘጋም።

ከቤተሰቡ ማን ናሙና ቢሰጥ ይሻላል?

እናት፣ አባትና ልጆች ከሁሉም ይበልጣሉ። እነሱ ከሌሉ ከአንድ ወንድም ወይም እኅት ይልቅ የብዙዎቹ ናሙና አንድ ላይ ይረዳል። ባል ወይም ሚስት ከሟቹ ጋር የዘር ዝምድና ባይኖራቸውም ልጅ ካለ ናሙናቸው ይጠቅማል፤ ከልጁ ዘረመል የእናቱ ድርሻ ሲቀነስ የሚቀረው የአባቱ ነውና። ናሙናው የሚወሰደው ጣትን በመውጋት ወይም የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል በጥጥ በመጥረግ ነው፤ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል።

የሥጋ ዝምድናውን በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። በማደጎ ያደገ፣ ከሌላ አባት የተወለደ ወይም በቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ምስጢር ያለበት ከሆነ ለናሙና ሰብሳቢው ለብቻው መንገር ይቻላል፤ እሱም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያልተነገረ ምስጢር ትክክለኛውን አጽም «አይዛመድም» አሰኝቶ ሊያስቀረው ይችላል።

መላው ቤተሰብ አብሮ ሲያልቅ ችግሩ ይከብዳል። በ2014 በኢራቅ ሲንጃር አካባቢ በያዚዲዎች፣ ማለትም በዚያ በሚኖሩ አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት ላይ ከተፈጸመው እልቂት በኋላ በኮቾ መንደር ቁፋሮ የተጀመረው በማርች 2019 ነበር፤ ከተለዩት መካከል የመጀመሪያዎቹ 104 ሰዎች በመንደራቸው የተቀበሩት በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው በመገደሉና የተረፈውም ወደ ሌሎች አገሮች በመሰደዱ የሚነጻጸር ናሙና ማግኘት ራሱ ትልቅ ሥራ ሆኗል። በውጭ አገር የሚኖሩ የአጎትና የአክስት ልጆች ጭምር መፈለግ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሳይንሱ በዚህ በኩል ብዙ የተበደረው ከአያቶች ነው። በአርጀንቲና በ1976 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት እስር ቤት የተወለዱ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ነጥቆ ለሌሎች ይሰጥ ነበር። በ1977 የተደራጁት የፕላሳ ዴ ማዮ አያቶች «ወላጆቹ በሌሉበት፣ በአያት ደም ብቻ የልጅ ልጅን መለየት ይቻላል ወይ?» ብለው የሳይንስ ሰዎችን ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውም በ1987 ብሔራዊ የዘረመል መረጃ ባንክ እንዲቋቋም አደረገ። እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች እውነተኛ ማንነታቸውን አውቀዋል።

ናሙና ከመስጠት ሌላ ቤተሰብ ምን መረጃ ማቅረብ ይችላል?

ትንሽ የሚመስለው ሁሉ ይጠቅማል። ጥርሱ እየታየ ሲስቅ የተነሣው ፎቶግራፍ ከመታወቂያ ፎቶው ይበልጣል፤ የፊት ጥርስ አቀማመጥ ሊነጻጸር ይችላልና። የጥርስ ሐኪም ካርድ፣ የራጅ ፊልም፣ የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይፈለጉ፤ በአጥንት ውስጥ የገባ ብረት ብዙ ጊዜ መለያ ቁጥር አለው። የጥርስ ብሩሹን፣ መላጫውንና ማበጠሪያውን ሳያጥቡ በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ የለበሰው፣ ልብሱ ተቀድዶ በእጅ የተሰፋበት ቦታ፣ የቀበቶው ዘለበት፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች ስም ይጻፍ። ትዝታ ይደበዝዛል፣ ሰውም ያልፋል፤ ስለዚህ መረጃው ዛሬውኑ በጽሑፍ ይሁን፣ የአዛውንት ወላጆች ናሙናም ከሁሉ በፊት ይወሰድ።

መቃብሩ ያለበትን ቦታ እናውቃለን። ራሳችን ብንቆፍርስ?

የሚጠብቁት ባለሥልጣን ለዓመታት ሳይመጣ ሲቀር ሰው አካፋ ይዞ መውጣቱን ማውገዝ አይገባም። በሜክሲኮ ከ100,000 በላይ ሰዎች እንደጠፉ ተመዝግቦ ሳለ፣ እናቶች በቡድን ተደራጅተው የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ እየሰኩ፣ ሲያወጡት ጫፉን እያሸተቱ መቃብር ይፈልጋሉ፤ በዚህም ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ያም ሆኖ ከተቻለ አለመቆፈር ይመረጣል። አጽም በአፈሩ ውስጥ የተኛበት አኳኋን፣ የትኛው አጥንት ከየትኛው ጋር እንደነበረ፣ እጁ ታስሮ እንደነበር፣ የጥይት ቀለሃው የት እንደወደቀ፣ ይህ ሁሉ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአካፋና በግሬደር የወጣ አጽም ከባለቤቱ ጥርስና ከሌላው ግማሽ አካሉ ጋር መልሶ ለማገናኘት ዓመታት ይወስዳል፤ ፍርድ ቤትም ማስረጃውን ላይቀበለው ይችላል።

ከዚያ ይልቅ ቦታውን በፎቶና በስልክ የአቅጣጫ መጠቆሚያ መዝግቡ፤ የዓይን ምስክሮችን ቃል ከነቀኑ ጻፉ፤ መሬቱ እንዳይታረስ፣ ቤት እንዳይሠራበት ጠብቁ፤ መዝገቡንም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጡ። በጎርፍ ወይም በግንባታ ምክንያት አጽም ቢወጣና መጠበቅ ባይቻል፣ አንዱን ከሌላው ሳይደባልቁ ለየብቻው መሰብሰብና ቁጥር መስጠት ይገባል።

ሥራው ለፍርድ ቤት ነው ወይስ ለቤተሰብ?

ሁለቱንም ማገልገል ቢኖርበትም በተግባር አንዱ ሌላውን ሲጋፋ ታይቷል። በ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት በኪቡዬ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተገደሉ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች አጽም በ1996 ለሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ማስረጃነት ሲወጣ፣ ለክሱ የሚያስፈልገው የሟቾቹ ማንነት በጥቅሉ፣ የአሟሟታቸው ምክንያትና ብዛታቸው ነበር፤ አብዛኞቹ በስማቸው አልተለዩም። በተቃራኒው በ1981 የተቋቋመው የቆጵሮስ የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ፣ የግሪክና የቱርክ ቆጵሮሳውያን ባለሙያዎች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሆኖ፣ ማን እንደገደለ እንዳይመረምር በሥልጣን ወሰኑ ተከልክሏል። ያለዚህ ገደብ መቃብሩን የሚያውቁት ሰዎች አይናገሩም ነበር ይባላል፤ ብዙ ቤተሰቦች ግን አጽሙን ተቀብለው እውነቱ ግማሽ እንደቀረባቸው ይሰማቸዋል። በእኔ እምነት ግኝቱ ከመጀመሪያው ለሁለቱም በሚበቃ ጥንቃቄ ሊመዘገብ ይገባል፤ ዛሬ ክስ የማይመሠረትበት ጉዳይ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊመሠረትበት ይችላልና።

የአርጀንቲናው ምሳሌ ይህን ያሳያል። የፕላሳ ዴ ማዮ እናቶችን ንቅናቄ ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት አሱሴና ቪያፍሎር በዲሴምበር 1977 ታፍነው ተወሰዱ። በባሕር ዳርቻ ተገኝተው በአንዲት ትንሽ ከተማ ስም በሌለው መቃብር ከተቀበሩት አስከሬኖች መካከል አንዱ የእሳቸው መሆኑን በ1984 የተመሠረተው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በ2005 አረጋገጠ። በአጥንቶቹ ላይ የታየው ስብራት ከከፍታ ከመውደቅ ጋር የሚስማማ ነበር። በዚህም ስማቸው ለቤተሰባቸው ሲመለስ፣ እስረኞች ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ይጣሉ እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃም ፍርድ ቤት ደረሰ።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ከወራት እስከ አሥርት ዓመታት። በስፔን በ1936 በተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት የተገደሉ ሰዎች አጽም በሳይንሳዊ መንገድ መውጣት የጀመረው በ2000 ነው። በኒው ዮርክ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከተገደሉት 2,753 ሰዎች መካከል፣ ገንዘብም ቤተ ሙከራም ባልጎደለበት አገር፣ ወደ 1,100 የሚሆኑት ገና አልተለዩም፤ ቴክኖሎጂው በተሻሻለ ቁጥር ግን ከሃያ ዓመት በኋላም አዳዲስ ስሞች እየተገኙ ነው። በዚህ መካከል «በስድስት ወር እንጨርሳለን» የሚል ቃል ለቤተሰብ መስጠት ጭካኔ ነው።

የአካሉ ክፍል ብቻ ቢገኝ እንቅበረው ወይስ እንጠብቅ?

ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። አንዳንዶች በተገኘው እርማቸውን አውጥተው መቅበርን ይመርጣሉ፤ ሌሎች አካሉ እስኪሟላ ይጠብቃሉ። ባለሙያው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ወደፊት ሌላ ክፍል ቢገኝ በየጊዜው እንዲነገራችሁ ትፈልጋላችሁ? «አዎ» ያለም «አይ» ያለም ቃሉ በጽሑፍ ይያዛል፣ ሐሳቡን ሲለውጥም ይቀየራል። ይህ ሳይጠየቅ ቀርቶ ከቀብር በኋላ አራትና አምስት ጊዜ በስልክ መርዶ የደረሳቸው ቤተሰቦች የሚናገሩት ሥቃይ ሊደገም አይገባም።

መርዶው እንዴት መነገር አለበት?

በአካል፣ በቤተሰቡ ቋንቋ፣ ማስረጃውን ማብራራት በሚችል ሰውና የሚያጽናና ዘመድ ባለበት። በስልክ ወይም በዜና መሆን የለበትም። ስለ አሟሟቱ የሚታወቀው ሁሉ ለጠየቀው ይነገራል፤ ያልጠየቀ ላይ አይጫንም። ውጤቱን አልቀበልም የሚል ቤተሰብ ካለ የሠለጠነ መልስ ቁጣ ሳይሆን ጊዜ መስጠት፣ ከፈለገም በሌላ ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥለት ማድረግ ነው።

የሰጠነው የዘረመል መረጃ ለሌላ ነገር ይውል ይሆን?

የጠፉ ሰዎችን ለመፈለግ የተሰጠ ናሙና ለወንጀል ምርመራ፣ ለስደተኝነት ጉዳይ ወይም ዘርን ለመቁጠር መዋል የለበትም። ከመፈረማችሁ በፊት ናሙናውን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥና ፈቃዳችሁን መልሳችሁ ብታነሡ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ፤ የቅጹንም ቅጂ ውሰዱ። ቤተሰብን ያሳደደው አካል ራሱ መረጃውን የሚይዝ ከሆነ መጠራጠር ተገቢ ነው፤ የቀይ መስቀል ማኅበራት ወይም ገለልተኛ ተቋም በመካከል እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

በመጨረሻ ስም ሳያገኙ የሚቀሩትስ?

ይኖራሉ። ዘመድ ያልተረፈላቸው፣ ዘረመላቸው የጠፋ፣ ወይም ማንም ያላመለከተባቸው ሰዎች። እነሱም በቁጥራቸው፣ ለየብቻ በሆነ መቃብር ያርፋሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የአጥንት ወይም የጥርስ ናሙና ተወስዶ ይቀመጣል፣ ሮዙ ቅጽ አይቀደድም፣ የመቃብሩ ካርታም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይጠበቃል። ፋይሉ ላይ የሚጻፈው «ተዘግቷል» ሳይሆን «ገና አልተለየም» ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ አንድ የእኅት ልጅ ነገ ጣቱን ተወግቶ የደም ጠብታ ሲሰጥ፣ ንጽጽሩ እንደገና የሚጀመረው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው።